መስመሩ ሳይቆረጥ ተጠባባቂው ይታሰብ፤ የነቀምቴ መንገዶችና የኔትወርክ ሳይንስ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚህም በላይ የአራት አውራ ጎዳናዎች መገናኛ ናት። በምሥራቅ በባኮና በአምቦ በኩል አዲስ አበባ፣ በምዕራብ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ጊምቢ፣ በደቡብ በደሌና ጅማ፣ በሰሜን ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይደረሳል። ይህን ካርታ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ስለ መኪና መንገድ ለመነጋገር ሳይሆን፣ መረጃ ስለሚጓዝባቸው መስመሮችና አንዱ መስመር ሲቆረጥ ሌላው እንዴት ሊተካው እንደሚችል ለማስረዳት ነው። መንገዶቹን የምንወስደው ለአብነት እንጂ የፋይበር ገመዶች ሁሉ በእነዚሁ መንገዶች ዳር ተቀብረዋል ለማለት አለመሆኑን ውድ አንባቢያን ከወዲሁ ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን።

ጉዳዩ ለምን አስፈለገ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊ ፈተናውን በኦንላይን ሲፈተኑ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌ ብር ከገበያ ገንዘብ ጋር ተዋህዷል። ትናንት ኔትወርክ ቢጠፋ የሚቀረው ወሬ ነበር፤ ዛሬ የሚቀረው ፈተና፣ ክፍያና የሕክምና መረጃ ነው። በመሆኑም «መስመር ተቆርጧል» የሚለውን ቃል እንደ ዝናብና እንደ ብርድ የተፈጥሮ ግዴታ አድርገን መቀበል አይገባንም። የመስመር መቆረጥን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም፣ የአገልግሎት መቋረጥን ግን ማስቀረት ይቻላል። አቋማችን ይህ ነው፤ ምክንያታችንንም ከፊዚክሱ ጀምረን እናቀርባለን።

በመስታወት ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን

ቻርልስ ካዎ እ.ኤ.አ. በ1966 ንጹሕ የመስታወት ክር ብርሃንን ለረጅም ርቀት ማስተላለፍ እንደሚችል አሳዩ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በባዶ ቦታ ካለው ፍጥነቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 330 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መስመር በ1.65 ሚሊ ሰከንድ ያቋርጣል። መስመሩ ቢቆረጥና መረጃው ከነቀምቴ በበደሌና በጅማ ዞሮ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ መንገዱ በጥቅሉ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ብርሃን ይህን ለመጨረስ 3 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ተኩል አይበልጥም። ለመኪና ግማሽ ቀን የሚያስጨምር ዙሪያ መንገድ ለብርሃን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንግዲህ የዙሪያ መንገድን ርዝመት ሰበብ ማድረግ በፊዚክስ ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ችግሩ ያለው በጉዞው ሳይሆን በውሳኔው ላይ ነው። መስመሩ መቆረጡን ማን ያውቃል? በምን ያህል ጊዜ? አዲሱንስ መንገድ ማን ይመርጣል? በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ የአንድ ሰከንድ ማመንታት 10 ቢሊዮን ቢት ያሳጣል። የቀድሞዎቹ የቀለበት ቅርጽ የቴሌኮም መስመሮች በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወደ ተጠባባቂው እንዲዞሩ ተደርገው ይሠሩ ነበር፤ ይህ ቁጥር እስካሁን ድረስ የመሐንዲሶች መለኪያ ሆኖ ቆይቷል።

አእምሮውን ከእጁ መለየት

በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ራውተር የራሱ አእምሮ አለው። ከጎረቤቶቹ ጋር መልእክት እየተለዋወጠ የኔትወርኩን ሥዕል ለራሱ ይስላል፤ በዚያም ላይ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙትን የአጭር መንገድ ስሌት የመሰለ ዘዴ ተጠቅሞ መንገዱን ይመርጣል። አንድ መስመር ሲቆረጥ ወሬው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እስኪዳረስና ሁሉም አንድ ዓይነት ሥዕል እስኪይዙ ድረስ ግራ መጋባት ይፈጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒክ ማኪዮን የተመራ ቡድን ኦፕን ፍሎው የተባለውን ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ መረጃውን ከበር ወደ በር የሚያሸጋግረው መሣሪያ፣ ማለትም ስዊቹ፣ እጅ ብቻ ይሁን፤ አእምሮው ደግሞ ኮንትሮለር በተባለ ሶፍትዌር ውስጥ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ። ኮንትሮለሩ ኔትወርኩን በሙሉ ከላይ ሆኖ ያያል፤ ለእያንዳንዱ ስዊች «እንዲህ ያለ ፓኬት ሲመጣ በዚህ በር አውጣው» የሚል የትእዛዝ ሠንጠረዥ ይጭናል። በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ የሚባለው ይህ ነው። ጉግል የመረጃ ማእከሎቹን የሚያገናኝበትን ቢ ፎር የተሰኘ ኔትወርክ በዚህ አሠራር እንደሚመራ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ አድርጓል።

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። ኮንትሮለሩ አዲስ አበባ ተቀምጧል፣ የነቀምቴና የአዲስ አበባ መስመርም ተቆረጠ እንበል። የነቀምቴው ስዊች ወሬውን ለኮንትሮለሩ ልኮ አዲስ ትእዛዝ መጠበቅ ይኖርበታል። ነገር ግን ወሬውን የሚልከው በየትኛው መስመር ነው? የተቆረጠው መስመር ኮንትሮለሩን ያገናኝ የነበረው መስመር ራሱ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስዊቹ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አእምሮው ካለበት ተለይቷልና። ሌላ የመገናኛ መስመር ቢኖር እንኳ፣ ኮንትሮለሩ አዲስ መንገድ አስልቶ በየስዊቹ በሺህ የሚቆጠሩ ትእዛዞችን እስኪለውጥ ድረስ 50 ሚሊ ሰከንዱ በቀላሉ ያልፋል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነገር ነው።

መፍትሔው ውሳኔውን አስቀድሞ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኦፕን ፍሎው 1.1 ዝርዝር «ፋስት ፌይልኦቨር» የተባለ የትእዛዝ ዓይነት ጨመረ። ኮንትሮለሩ በሰላሙ ጊዜ ለስዊቹ በቅደም ተከተል የተጻፈ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ «በመጀመሪያው በር ላክ፤ እርሱ ከሞተ በሁለተኛው፤ ሁለተኛውም ከሞተ በሦስተኛው»። መስመሩ ሲቆረጥ ስዊቹ ማንንም ሳይጠይቅ ያዞራል። መቆረጡን የሚያውቀውም ብርሃን ሲጠፋ፣ ወይም ከጎረቤቱ ጋር በየጊዜው የሚለዋወጠው የ«አለህ ወይ?» መልእክት መልስ ሲያጣ ነው። መልእክቱ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ቢላክና ሦስት ተከታታይ መልሶች ቢቀሩ፣ የመስመሩ መሞት በ30 ሚሊ ሰከንድ ይታወቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል ይህን።

የበደሌ ወጥመድ

አስቀድሞ ማዘጋጀት ሲባል ግን ማንኛውንም ሁለተኛ በር መጻፍ ማለት አይደለም። ቁጥሮቹን አጠጋግተን ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330፣ ከነቀምቴ በደሌ 105፣ ከበደሌ ጅማ 140፣ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር እንበል። በደሌ ላይ ለተቀመጠ ስዊች ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የቱ ነው? በጅማ በኩል 490፣ በነቀምቴ በኩል ግን 435 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የበደሌው ስዊች በመደበኛ ሠንጠረዡ ላይ «ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ወደ ነቀምቴ ላክ» የሚል ትእዛዝ ይዟል።

እንግዲህ የነቀምቴ መስመር ተቆርጦ የነቀምቴው ስዊች ፓኬቱን ወደ በደሌ ሲያዞር የበደሌው ስዊች ምን ያደርጋል? ሠንጠረዡን አይቶ ፓኬቱን ወደ ነቀምቴ ይመልሰዋል። ነቀምቴ እንደገና ወደ በደሌ፣ በደሌም እንደገና ወደ ነቀምቴ። ፓኬቱ ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሳል፤ ከዚህም የከፋው፣ በከንቱ የሚመላለሰው መረጃ ጤናማውን መስመር ያጨናንቃል።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ሕግ እናገኛለን። ጎረቤት ለተጠባባቂነት የሚታመነው ከእርሱ እስከ መድረሻው ያለው አጭር ርቀት፣ ከእርሱ እስከ እኛና ከእኛ እስከ መድረሻው ካለው ድምር ያነሰ እንደሆነ ብቻ ነው። እዚህ 435 ከ105 እና ከ330 ድምር ጋር እኩል ስለሆነ በደሌ እንዲሁ በመደበኛ ሠንጠረዡ አይታመንም። ነገር ግን በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ መላውን ካርታ ስለሚያይ ለበደሌ ስዊች ሌላ ትእዛዝ ሊጨምር ይችላል፤ «ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ፓኬት ከነቀምቴ በር ከመጣ ወደ ጅማ አሳልፈው»። በአንዲት ተጨማሪ መስመር ትእዛዝ ወጥመዱ ይከፈታል። የማእከላዊ እይታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በአደጋ ሰዓት ለማሰብ ሳይሆን ከአደጋ በፊት ለሁሉም አስቦ ለማስቀመጥ።

ሁለት ገመድ ሁሉ ሁለት መንገድ አይደለም

በግራፍ ሒሳብ ቋንቋ አንድ መስመር ሲነሣ ኔትወርኩ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ያ መስመር «ድልድይ» ይባላል። ጊምቢና ከእርሷ ወዲያ ያሉት ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ በነቀምቴ በኩል ብቻ ቢገናኙ፣ የነቀምቴና የጊምቢ መስመር በሒሳቡም በምድሩም ድልድይ ይሆናል፤ በዴዴሳ ላይ ያልፋልና። ጉዳዩን በቁጥር እንየው። አንድ መስመር ከዓመቱ 99 በመቶ ያህሉን ጊዜ ይሠራል ብንል፣ በዓመት ወደ 88 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይቋረጣል። ከእርሱ ጋር ምንም የማይጋራ ሌላ ተመሳሳይ መስመር ብንጨምር፣ ሁለቱ በአንድነት የሚቋረጡት በዓመት ለ53 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

ይሁንና ስሌቱ የቆመው «ምንም የማይጋራ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ከየመስመሩ የመቋረጥ ጊዜ አንድ አሥረኛው ሁለቱን በአንድ ላይ ከሚመታ ምክንያት የሚመጣ ቢሆን፣ 53 ደቂቃው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ያድጋል። ሁለት ገመዶች በአንድ ቦይ ቢቀበሩ አንድ የመንገድ ሥራ ቁፋሮ ሁለቱንም ይበጥሳል። በአንድ ድልድይ ቢሻገሩ አንድ ጎርፍ ሁለቱንም ይወስዳል። አራቱም መስመሮች ኤሌክትሪክ ከአንድ ጣቢያ ቢያገኙና ባትሪው ቢያልቅ አራቱም በአንዴ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በባቡር ዋሻ ውስጥ የተነሣው እሳት የብዙ ኩባንያዎችን ፋይበር በአንድ ላይ አቃጥሏል፤ በወረቀት ላይ የተለያዩት መስመሮች በመሬት ላይ ጎን ለጎን ነበሩና። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአይቮሪ ኮስት ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ አራት የባሕር ውስጥ ገመዶች በአንድ ቀን ተቆርጠው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተስተጓጉሏል።

የወለጋ ሰው ይህን ቁም ነገር ከኔትወርክ በፊት በቡና ንግድ ያውቀው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1902 በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይወጣ ጀመር። ጀልባው የሚሄደው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነበር፤ የየብስ መንገድ በጭቃ የሚዘጋውም በዚያው ክረምት ነው። አንዱ በሚደክምበት ጊዜ ሌላው ይበረታ ነበር። ጥሩ ተጠባባቂ ማለት ይህ ነው፤ የሚሰናከልበት ምክንያት ከዋናው የተለየ ነው።

«አንደኛው ሳይደርስ ሁለተኛው?»

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ መቃወሚያ አለ። የመጀመሪያው መስመር ያልደረሰው ቀበሌ ሞልቶ ሳለ ለደረሰው ከተማ ሁለተኛ መስመር መዘርጋት ቅንጦት አይሆንምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችን ግን ካርታውን በማየት ይጀምራል። ከነቀምቴ በጊምቢ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ከዚያ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በጎሬና በመቱ ወደ በደሌ፣ ከበደሌም ወደ ነቀምቴ የሚመለስ የመንገድ ቀለበት አለ። በዚህ ቀለበት ላይ ገመድ ቢዘረጋ ለነቀምቴ ብቻ የተገዛ ትርፍ ገመድ አይሆንም፤ ለመቱ የመጀመሪያ መስመር የሆነው ለጊምቢ ተጠባባቂ ነው፤ ለደምቢ ዶሎ የመጀመሪያ የሆነው ለጋምቤላ ተጠባባቂ ነው። ቀለበት ሲዘጋ «ድልድይ» የሚባል መስመር በመካከሉ አይኖርም። ፖል ባራን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ መረብ ጽናትን የሚያገኘው የእያንዳንዱን ክፍል ጥራት በውድ ዋጋ ከማሳደግ ይልቅ ርካሽ ክፍሎችን በብዙ መንገድ ከማያያዝ ነው፤ የግንኙነቱ ብዛት ከዝቅተኛው ሦስት እጥፍ ያህል ሲሆን መረቡ ብዙ ጉዳት ይችላል።

ተጠባባቂው ከዋናው ጋር እኩል ይሁን ማለታችንም አይደለም። ፋይበር ባይገኝ የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ወይም የሳተላይት መስመር፣ አቅሙ ቢያንስም፣ ተጠባባቂ መሆን ይችላል። ቁም ነገሩ በጠበበው መንገድ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ተይዘው አንዱ ቢቆረጥ 160 በመቶ ጭነት በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ ቅደም ተከተል ካልተወሰነ ሁሉም ይታነቃል። በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ ግን የሆስፒታሉን መልእክት፣ የፈተናውን መልስና የባንኩን ክፍያ አስቀድሞ፣ ፊልሙን እንዲዘገይ ማድረግ ይችላል። ቢ ፎርም ብዙዎቹን መስመሮቹን እስከ ሙሉ አቅማቸው ድረስ የሚጠቀምባቸው ሊዘገይ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ማን ይቅደም የሚለውን መወሰን ግን የሶፍትዌሩ ሥራ አይደለም፤ የኅብረተሰቡና የተቋማቱ ሥራ ነው፤ መወሰን ያለበትም በሰላም ጊዜ ነው።

የቴክኖሎጂውን ድንበር ማመልከትም ይገባናል። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተዘግቶ ነበር። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው በዚያው መጋቢት ወር ነበር። ይህ በውሳኔ የተዘጋ እንጂ በአደጋ የተቆረጠ መስመር አልነበረም። ተጠባባቂ መስመር ከቁፋሮና ከጎርፍ ያድናል፤ አንድ አካል ሁሉንም በሮች በአንድ ትእዛዝ ሲዘጋ ግን አያድንም። እንዲያውም አእምሮውን በአንድ ስፍራ የሚሰበስብ አሠራር መዝጋትንም ሊያቀልል ይችላል። ስለዚህ ስለ ኔትወርክ ጽናት የሚነጋገር ሰው ስለ ሕግና ስለ ተጠያቂነትም መነጋገር አለበት እንላለን።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች መስመር ሲዋዋሉ ስለ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱም ይጠይቁ፤ ሁለቱ ገመዶች የት የት ይገናኛሉ? በየትኛው ድልድይ ያልፋሉ? ኤሌክትሪካቸውስ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ የቴሌኮም ድርጅቶች፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎችና የመንገድ ፕሮጀክቶች በየፊናቸው ከሚሄዱ ካርታቸውን አስተያይተው ቀለበቱን ቢዘጉ፣ ለሁሉም ወጪው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂ መስመር ይፈተን። ዓመት ሙሉ ያልተሞከረ ተጠባባቂ ተስፋ እንጂ መስመር አይደለም። በተነገረ ቀንና ሰዓት ዋናውን ሆን ብሎ አጥፍቶ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም ከፈተና ሰሞን በፊት እንጂ በፈተናው ዕለት አይደለም።

አራተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሚኒኔት የተባለ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ስዊቾችንና መስመሮችን አስመስሎ ያሠራል። ነቀምቴን፣ አዲስ አበባን፣ በደሌን፣ ጅማን፣ ቡሬን፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎን፣ ጋምቤላንና መቱን ዘጠኝ ስዊቾች አድርጋችሁ መንገዶቹን ዘርጉ፤ ለእያንዳንዱም ርቀቱን ስጡ። ከዚያ አንድ በአንድ ቁረጡ። ማን ተለየ? ፓኬቱ የት ላይ መመላለስ ጀመረ? ስንት ሚሊ ሰከንድ ፈጀ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ኮምፒዩተር ባያገኝ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል፤ የሚያስፈልገው መደመርና ማነጻጸር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በመንገዶቹ መገናኛ ላይ ተቀምጧልና፣ ይህን መሰል ሥራ ከዚያ ቢጀመር ለአካባቢው የሚበጅ ካርታ ይወጣዋል ብለን እናምናለን። ውጤታችሁን ለክፍላችሁ መምህራን አሳዩ፤ ከዚያም የምትኖሩባትን ከተማ ኔትወርክ የሚያስተዳድረውን ባለሙያ በአክብሮት ጠይቁ፤ «ይህ መስመር ነገ ቢቆረጥ ሁለተኛው የቱ ነው?» መልስ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ካላገኛችሁም የምርምር ርእስ አግኝታችኋል።